የጥርስ ክሊኒክ ካርድን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፦ ከበሽታ ስም ዝርዝር እስከ ባክአፕ

ከቡሬም ከሞጣም ከዳንግላም የሚደውሉልኝ የሙያ ጓደኞቼ ጥያቄ አንድ ነው። «ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ልናዞር ነው፤ የትኛውን ፕሮግራም እንግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። «ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ጠዝጥዞ ወዲያው የሚተወውን ጥርስ ካርድ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? አብሯችሁ የሚሠራውስ?» አንዱ «ካሪስ» (የተበላ ጥርስ) ይላል፣ ሌላው «ፐልፓይተስ» (የጥርሱ ነርቭ ብግነት)፣ ሦስተኛው «ሴንሲቲቪቲ» (ቶሎ የሚጠዘጥዝ ጥርስ)።

ሥራው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ለአንድ በሽታ አንድ ስም ሳትስማሙ ፕሮግራም ብትገዙ፣ ወረቀት ላይ የነበረው ዝብርቅርቅ ወደ ስክሪን ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ከዚህ በታች ያለው እኛ ደብረ ማርቆስ ላይ የሠራንበት አካሄድ ነው። የተጻፈው አንድ ወይም ሁለት ወንበር፣ አንድ ላፕቶፕና በፈለገው ሰዓት የሚሄድ መብራት ላለው ክሊኒክ ነው። ሆስፒታል የምትሠሩ የራሳችሁ ሲስተም ስላላችሁ ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለው ይበቃችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ላፕቶፕ። ዴስክቶፕ አይሁን፤ መብራት ሲሄድ የጻፋችሁት ከባትሪው ጋር ይቆያል።
- ኤክሴል። ለጅምር ከዚህ በላይ አያስፈልግም።
- በዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ኮድ) የሚጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ ስላልሆኑ፣ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ስሙ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል።
- ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ደህና ፍላሽ።
- ከመደርደሪያው የወጡ ሃምሳ የቆዩ ካርዶች።
- አንድ ባለመስመር ደብተርና እስክሪብቶ።
- ሁሉም ባለሙያ የሚገኝበት ሁለት ከሰዓት። ከዝርዝሩ ሁሉ ለማግኘት የሚያስቸግረው ይሄኛው ነው።

1. ሃምሳውን ካርድ አንብቡ

ሳትመርጡ ሳቡ። «ዳያግኖሲስ» (የተገኘው በሽታ) በሚለው መስመር ላይ የሰፈረውን ሁሉ እንዳለ፣ ስሕተቱም ሳይቀር፣ ደብተሩ ላይ ገልብጡ።

እኛ ስንሠራው ያገኘነው ይህን ይመስላል፦ «ካሪስ»፣ «ዲፕ ካሪስ»፣ «የተበላ ጥርስ»፣ «ጥርስ ሕመም»፣ «ነርቩ የተነካ»፣ «ፐልፓይተስ»፣ «እብጠት»፣ «ለማውጣት»፣ «ኤክስትራክሽን»። አንዱ ካርድ ላይ ደግሞ «እንደ ባለፈው» ይላል። ባለፈው ያለው መስመር ባዶ ነው። የእጅ ጽሑፉ የኔው ስለነበር ብዙም አልተናገርኩም።

የሰበሰባችሁትን አሁን በሦስት ክፈሉት፦ ታካሚው የተናገረው፣ እናንተ ያገኛችሁት በሽታ፣ የሠራችሁት ሕክምና። ከላይ ካሉት ውስጥ «ጥርስ ሕመም» የታካሚው ቃል ነው። «ለማውጣት» እና «ኤክስትራክሽን» ሕክምና ናቸው። በሽታ ሆነው የሚቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው።

ልዩነቱን በአንድ ታካሚ እንየው። አንዲት እናት የገበያ ቀን ከገጠር መጡ። «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ይነዝረኛል፤ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፤ ትል ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ይህ ቅሬታ ነው፤ በራሳቸው ቃል ይጻፋል። አፋቸውን ስናይ ከታች በቀኝ በኩል የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ በጥልቀት ተቦርቡሯል። ቀዝቃዛ ስናስነካው ሕመሙ ቀዝቃዛው ከተነሣ በኋላም ቆየ። በመስታወቱ እጀታ መታ መታ ስናደርገው ግን አላመማቸውም። በሽታው ምልክት ያለው ኢሪቨርሲብል ፐልፓይተስ (የማይመለስ የነርቭ ብግነት) ነው፤ የሥሩ ጫፍ ገና ጤነኛ ነው። ሩት ካናል (ነርቩን አውጥቶ ሥሩን መሙላት) ይቻል ነበር። እሳቸው ግን «ደጋግሜ መምጣት አልችልም፣ ንቀልልኝ» አሉ። ተነቀለ። ይህ ሕክምና ነው።

ዳያግኖሲስ ላይ «ኤክስትራክሽን» ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ምን ይጠፋል? ጥርሱ ለምን እንደወጣ ይጠፋል። ዓመቱ ሲያልቅ «ስንት ጥርስ ሩት ካናል ሊሠራለት ሲችል ተነቀለ?» ብትሉ መልስ የላችሁም። የሩት ካናል ዕቃ ማስመጣት ያዋጣ አያዋጣ የምታውቁት ግን በዚህ ቁጥር ነው።

2. ጥርስን የምትጠሩበትን ቁጥር አንድ አድርጉ

የምመክረው የኤፍዲአይን (የዓለም የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን) ባለሁለት አኃዝ አጠራር ነው። የመጀመሪያው አኃዝ አፍን በአራት ይከፍላል፦ 1 ላይ ቀኝ፣ 2 ላይ ግራ፣ 3 ታች ግራ፣ 4 ታች ቀኝ። ለወተት ጥርስ በዚሁ ቅደም ተከተል 5፣ 6፣ 7፣ 8 ይሆናል። ሁለተኛው አኃዝ ከፊት መሐል ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው፤ ለቋሚ ጥርስ ከ1 እስከ 8፣ ለወተት ጥርስ ከ1 እስከ 5። የእናታችን ጥርስ እንግዲህ 46 ነው። አነባበቡም «አራት ስድስት» እንጂ «አርባ ስድስት» አይደለም። ለየብቻ ስትጠሩት ረዳቷ ክፍሉንም ጥርሱንም ትሰማለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀኝና ግራ የታካሚው ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመው የሐኪሙ አይደለም። «ታች ግራ» ብቻ የሚል ጽሑፍ አትቀበሉ።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት ከ1 እስከ 32 የሚሄድ ሌላ ቁጥር አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ስትጭኑት የሚመጣው በዚያ ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ የተላከ ታካሚ «32 ይነቀል» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። በኛ አጠራር 32 ከታች በግራ ያለ የፊት ጥርስ ነው። ሰውየው ያበጠው ግን በቀኝ በኩል ከኋላ ነበር። ጸሐፊው የአሜሪካውን ቁጥር ተጠቅሟል፤ በዚያ 32 ማለት ታች ቀኝ የመጨረሻው መንጋጋ ነው። አፉን ሳናይ ወረቀቱን ብቻ አምነን ቢሆን ኖሮ ጤነኛ የፊት ጥርስ ነቅለን እንልከው ነበር። ስለዚህ ሪፈር ስትጽፉ ከቁጥሩ አጠገብ በቃልም ጨምሩ፦ «48፣ ታች ቀኝ የመጨረሻው መንጋጋ»።

3. የክሊኒኩን የበሽታ ዝርዝር ጻፉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ አትቸኩሉ። ለእያንዳንዱ በሽታ አራት ነገር ይጻፋል፦ የራሳችሁ ተራ ቁጥር፣ የተስማማችሁበት ስም፣ «ይህ ነው የምንለው ምን ስናይ ነው» የሚል አንድ መስመር፣ እና የአይሲዲ ኮድ።

አይሲዲ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ነው። በአሥረኛው እትም የአፍ፣ የምራቅ እጢና የመንጋጋ በሽታዎች ከኬ00 እስከ ኬ14 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ኬ የምላት የላቲኗ ፊደል ናት፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ነው የምትመቱት። ለጀማሪ ክሊኒክ ይህ ይበቃል፦

*ካሪስ*
- በኢናሜል (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ላይ ያለ ካሪስ፣ ኬ02.0
- የዴንቲን (ከኢናሜል ሥር ያለው ክፍል) ካሪስ፣ ኬ02.1
- የቆመ ካሪስ፣ ኬ02.3። ጠቆር ያለ፣ ጠንካራና የማይለሰልስ።

*ፐልፕ* (በጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭና ደም ሥር)
- ሪቨርሲብል (የሚመለስ) ፐልፓይተስ፣ ኬ04.0። ቀዝቃዛ ሲነካው ያማል፤ ሲነሣ በጥቂት ሰከንድ ይተዋል። ያለ ምክንያት አያምም።
- ምልክት ያለው ኢሪቨርሲብል ፐልፓይተስ፣ ኬ04.0። ቀዝቃዛው ከተነሣ በኋላ ሕመሙ ይቆያል፤ ሠላሳ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ወይም በራሱ ይነሣል፣ እንቅልፍ ይነሣል።
- የሞተ ፐልፕ፣ ኬ04.1። ለቀዝቃዛ ምንም ስሜት የለም።

*የሥር ጫፍ*
- ጤነኛ፤ ኮድ የለውም፣ ግን ይጻፋል።
- አጣዳፊ አፒካል ፔሪዮዶንታይተስ (በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለ ብግነት)፣ ኬ04.4። ሲመቱት ወይም ሲነክሱበት ያማል።
- ሥር የሰደደ አፒካል ፔሪዮዶንታይተስ፣ ኬ04.5። ራጅ ላይ ይታያል፤ ታካሚው ግን ላይሰማው ይችላል።
- የሥር ጫፍ መግል ቀዳዳ ያለው፣ ኬ04.6፤ ቀዳዳ የሌለው፣ ኬ04.7።

*ድድ*
- አጣዳፊ የድድ ብግነት፣ ኬ05.0፤ ሥር የሰደደ፣ ኬ05.1።
- ሥር የሰደደ ፔሪዮዶንታይተስ (ከድድ አልፎ ጥርሱን የያዘውን አጥንት የሚጎዳ ብግነት)፣ ኬ05.3። ደረጃውንና የሚሄድበትን ፍጥነት በአስተያየት ዓምድ ጨምሩ።
- በመውጣት ላይ ባለ የመጨረሻ መንጋጋ ዙሪያ የሚነሣ አጣዳፊ ብግነት፣ ኬ05.2።

*ሌሎች*
- ተቀብሮ የቀረ ጥርስ፣ ኬ01.1
- የቀረ ሥር፣ ኬ08.3
- ድራይ ሶኬት (ጥርስ የተነቀለበት ጉድጓድ ብግነት)፣ ኬ10.3
- የጥርስ እያለቀ መሄድ በመፋጨት፣ ኬ03.0፤ በመፋቅ፣ ኬ03.1
- በፍሎራይድ የዠጎረጎረ ጥርስ፣ ኬ00.3
- የጥርስ ስብራት፣ ኤስ02.5

ሁለቱን ፐልፓይተስ ልብ በሉ። ኮዳቸው አንድ ነው፤ ሕክምናቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱን ትሞሉታላችሁ፤ ሌላውን ወይ ነርቩን ታወጣላችሁ፣ ወይ ጥርሱን ትነቅላላችሁ። ኮዱን ብቻ የሚጽፍ ክሊኒክ ይህን ልዩነት በገዛ እጁ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመርጠው ስሙን ነው፤ ኮዱ በጎን ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

ሌላም ጥቅም አለው። የአይሲዲ አሥራ አንደኛው እትም ከ2022 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ኮዶቹም ከአሥረኛው ይለያሉ። ስሙና ተራ ቁጥሩ የራሳችሁ ከሆኑ፣ ሪፖርት የምትልኩለት አካል ኮድ ሲቀይር እናንተ የምትቀይሩት አንድ ዓምድ ብቻ ነው። የድሮ ካርድ አይነካም።

ፐልፕንና የሥር ጫፍን ለየብቻ የምንጽፈው ለምንድን ነው? አንድ ጥርስ ፐልፑ ሞቶ የሥሩ ጫፍ ዝም ያለ ሊሆን ይችላል። ፐልፑ ገና እየነዘረ የሥሩ ጫፍ ሲመታ የሚያምም ሊሆንም ይችላል። በአንድ ቃል «ኢንፌክሽን» ካላችሁት የትኛው እንደነበረ ከሳምንት በኋላ እናንተም አታስታውሱትም።

ስለኛ አካባቢ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የተነቀሰ ድድ። እናቶቻችን ዘንድ ብዙ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ አዲስ የተቀጠረ ልጅ «ፒግመንቴሽን» ብሎ በሽታ ውስጥ ያስገባዋል። ንቅሳት በሽታ አይደለም፤ «የታዩ ነገሮች» የሚል ዓምድ ክፈቱና እዚያ ይጻፍ። አንዴ ከተጻፈ ወደፊት እውነተኛ ጥቁረት ሲመጣ ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል። ሁለተኛ፣ የዠጎረጎረ ጥርስ ስታዩ ያደገበትን ቦታ ጠይቁ። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የሚታወቀው በስምጥ ሸለቆ ነው። ወላጆቹ ወንጂ ወይም መተሐራ ሠርተው የተመለሱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ቦታው ካልተጻፈ ጠቃጠቆውን ከካሪስ ጅማሮ ጋር የሚያምታታ አይጠፋም።

ተራ ቁጥርን በተመለከተ አንድ ሕግ አለ፦ ከዝርዝሩ የወጣ ስም ቁጥሩ ለሌላ በሽታ አይሰጥም። 14 ዛሬ ድራይ ሶኬት ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት የቀረ ሥር ከሆነ፣ የድሮ ካርዶች ሁሉ ይዋሻሉ።

4. ተስማምታችሁ እንደሆነ ፈትኑ

ሃያ ታካሚ ምረጡ፤ ከራጅና ከምርመራ ውጤት ጋር። እያንዳንዱ ባለሙያ ለብቻው ተቀምጦ ከዝርዝሩ ስም ይምረጥ። ከዚያ አነጻጽሩ።

የተለያያችሁበት ቦታ ላይ «ማን ትክክል ነው» እያላችሁ አትከራከሩ። ስሙ ሥር የተጻፈችውን መስመር አስተካክሉ። እኛ የተጋጨነው «የዴንቲን ካሪስ» እና «ሪቨርሲብል ፐልፓይተስ» ላይ ነበር። አንዳችን የቀዝቃዛ ምርመራ ሳያደርግ በዓይን ብቻ ይወስን ነበር። «የቀዝቃዛ ምርመራ ሳይደረግ የፐልፕ ስም አይመረጥም» የሚል አንድ መስመር ጨመርንና ተፈታ።

5. የኤክሴሉን ፋይል ሥሩ

በአንድ ፋይል ውስጥ ሦስት ገጽ ክፈቱ፦ «ታካሚ»፣ «ጉብኝት»፣ «ዝርዝር»።

«ታካሚ» ላይ ለአንድ ሰው አንድ መስመር፦ የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ዓመት፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ አለርጂ፣ ሌላ በሽታ፣ የሚወስደው መድኃኒት።

«ጉብኝት» ላይ ለአንድ ጥርስ አንድ መስመር፦ የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ቅሬታ፣ የጥርስ ቁጥር፣ የፐልፕ ወይም የጥርስ በሽታ፣ የሥር ጫፍ፣ ድድ፣ የታዩ ነገሮች፣ የተሠራ ሕክምና፣ አስተያየት፣ የሐኪም ስም። ሦስት ጥርስ ከታመመ ሦስት መስመር ነው። «36፣ 37፣ 46» ብላችሁ በአንድ ሳጥን ብትጨምቁት ኮምፒውተሩ አይቆጥርላችሁም።

«ዝርዝር» ላይ የደረጃ 3 ሥራችሁን አስገቡ። ከዚያ «ጉብኝት» ላይ የበሽታውን ዓምድ ምረጡ፣ ዳታ የሚለውን ትር ክፈቱ፣ ዳታ ቫሊዴሽን፣ ሊስት፣ ከዚያ በ«ዝርዝር» ገጽ ያለውን የስም ዓምድ አሳዩት። ከዚህ በኋላ ሐኪሙ ይመርጣል እንጂ አይጽፍም። ለጥርስ ቁጥሩም እንዲሁ አድርጉ፤ 19 ወይም 49 የሚል ቁጥር እንዳይገባ ይከለክላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዳታ ቫሊዴሽን በእጅ የሚጻፈውን ነው የሚያግደው። ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ የሚለጠፈውን አያግድም። ስለዚህ ኮፒ ፔስት ክልክል ነው ብላችሁ ተነጋገሩ።

ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ የተለያዩት ያለ ነገር አይደለም። ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም። 5/2/2017 ብላችሁ ጥቅምት 5ን ስትጽፉ የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ስትሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 3ን 3/13/2016 ብትሉት፣ የኮምፒውተሩ የቀን አጻጻፍ የአሜሪካው ከሆነ ማርች 13 ብሎ ይቀበለዋል፤ ቅር አይለውም። በቀን ስትደረድሩት ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ይሆናል። ለየብቻ ከሆኑ ግን 1 እስከ 30፣ 1 እስከ 13 ቁጥር ብቻ ናቸው።

ስልክ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ቴክስት አድርጉት። አለበለዚያ 09 ብሎ የሚጀምረው ዜሮው ተበልቶ 9 ብቻ ይቀራል።

የስም ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው። ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። የመፍትሔው ነገር ሊቃውንቱን ደስ ላያሰኝ ይችላል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። እኛ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን «የፍለጋ ስም» የሚል ዓምድ ጨመርን። እዚያ ላይ ሁሉንም በሀ፣ በሰ፣ በአ፣ በጸ እንጽፋለን። ትክክለኛው ስም በራሱ ዓምድ፣ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል። ያም ሆኖ ታካሚ ስትፈልጉ በስልክ ወይም በካርድ ቁጥር ጀምሩ። በስም ካገኛችሁ የአያት ስምና ቀበሌ ሳታረጋግጡ ወንበር ላይ አታስቀምጡ።

ዕድሜ ጠይቃችሁ «ኧረ እኔ ምን አውቄው» የሚሉ አዛውንት ሲገጥሟችሁ፣ የምትገምቱትን ዓመት ጻፉና ቀጥሎ ባለው ዓምድ «ግምት» በሉ። ግምት መሆኑ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ሰው እውነት አድርጎ ይወስደዋል።

አለርጂ ላይ ባዶ ሳጥን አትተዉ። ሦስት ምርጫ ይኑር፦ «አለ»፣ «የለም»፣ «አልተጠየቀም»። ባዶ ሳጥን «የለም» ተብሎ ይነበባል፤ የፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ላይ ይህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። ለእርግዝና፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለደም ማቅጠኛ መድኃኒትም ይኸው ነው።

6. መብራት ሲሄድ የምትጽፉበትን ወረቀት አዘጋጁ

የ«ጉብኝት»ን ዓምዶች በዚያው ቅደም ተከተል በኤ4 ወረቀት ላይ አትሙ። የበሽታ ዝርዝሩንም በተራ ቁጥሩ አትማችሁ ከወንበሩ አጠገብ ለጥፉ። ባትሪው ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ ይሞላል፤ መብራት ሲመጣ በዚያው ቀን ይገለበጣል። ገልባጩ «ገብቷል» ብሎ ይፈርምበት። ቅደም ተከተሉ ካልተመሳሰለ ሲገለበጥ አንድ ዓምድ ይዘለላል፤ የሚዘለለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጥርስ ቁጥሩ ነው።

ፊቱ አብጦ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ያቃተው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲመጣ ይህ ሁሉ ቅጽ ይቆየው። መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ይላክ፤ ጽሑፉ በኋላ ይደርሳል።

7. ባክአፕ

በየቀኑ ማታ ከመዘጋቱ በፊት ፋይሉን በቀኑ ስም ሰይማችሁ አንደኛው ዲስክ ላይ ገልብጡ። በሳምንት አንዴ ሁለተኛው ላይ። ሁለተኛው ክሊኒኩ ውስጥ አያድርም፤ ሌባም እሳትም ሲመጣ ላፕቶፑንና ዲስኩን አይለይም።

በየወሩ አንዱን ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። እኔ ይህን ሳላደርግ አራት ወር ሙሉ ስገለብጥ የቆየሁት ባዶ ፎልደር ነበር። ዋናው ፋይል የላፕቶፑ የፊት ስክሪን (ዴስክቶፕ) ላይ ነበር፤ የምገለብጠው ዶክመንትስ የሚባለውን ፎልደር። ላፕቶፑ አልተበላሸም እንጂ ተርፌ ነው።

8. ፋይሉን ቆልፉ

ፋይል፣ ኢንፎ፣ ፕሮቴክት ወርክቡክ፣ ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ። የይለፍ ቃሉን አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። የኤክሴል ፓስወርድ ከተረሳ ማይክሮሶፍትም አይመልሰውም።

የታካሚ ራጅ ከነስሙ በቴሌግራም አትላኩ። ምክር ስትጠይቁ ስሙን ቁረጡትና በካርድ ቁጥር ላኩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ይቆጥረዋል። አዋጁ ባይኖርም እንኳ ትንሽ ከተማ ነው፤ ወሬ ከሐኪሙ ቀድሞ ቤት ይደርሳል።

9. የድሮውን ካርድ ሁሉ ለማስገባት አትሞክሩ

አንድ ቀን ቁረጡ፤ የወር መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመጣው ብቻ ይገባል። የድሮ ታካሚ ሲመጣ ከካርዱ ሦስት ነገር ብቻ አስገቡ፦ አለርጂውን፣ ሌላ በሽታውን፣ የሌሉትን ጥርሶች። መደርደሪያውን ሙሉ እናስገባ ያሉ የማውቃቸው ልጆች በሁለተኛው ሳምንት ደክሟቸው ሁሉንም ትተውታል። የድሮው ወረቀት አይጣል፤ በቁጥሩ ተደርድሮ ይቀመጥ።

10. ፕሮግራም የሚገዛው አሁን ነው

ሦስት ወር በኤክሴል ከሠራችሁ በኋላ፣ ወይም ሁለት ኮምፒውተር ሲያስፈልጋችሁ። አንድ የኤክሴል ፋይል ላይ ሁለት ሰው ከሁለት ቦታ ሲጽፍ የአንዱ ሥራ ሊጠፋ ይችላል። ሻጩን ይህን ጠይቁት፦ የራሳችንን የበሽታ ዝርዝር እናስገባለን? የጥርስ ቁጥሩ በኤፍዲአይ ይሆናል? ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? በኛ ዘመን አቆጣጠር ቀን ያሳያል? ማን ምን እንደለወጠ ይመዘግባል? ዳታችንን በሙሉ አውጥተን መሄድ እንችላለን? የመጨረሻውን «አይቻልም» ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

- «ሌላ» የሚለውን ምርጫ መልመድ። «ሌላ» ሲመረጥ አስተያየት ዓምድ የግድ ይሞላ።
- ስሕተትን ማጥፋት። የተሳሳተ መስመር አይሰረዝም፤ «የተሰረዘ» ተብሎ ይቆይና ትክክለኛው በአዲስ መስመር ይጻፋል። ነገ ክርክር ቢነሣ የሚያድናችሁ ይህ ነው።
- ያልተረጋገጠን የተረጋገጠ አስመስሎ መጻፍ። ራጅ ካልተነሣ «ጊዜያዊ» በሉት።
- ለታካሚው በዝርዝሩ ቃል መናገር። «ኢሪቨርሲብል ፐልፓይተስ አለብዎት» ቢሏቸው እማማ ይደነግጣሉ። «የጥርስዎ ነርቭ ቆስሏል፣ አይመለስም» በሏቸው። ዝርዝሩ ለካርዱ ነው።
- ለጤና ቢሮ የሚላከውን የወር ሪፖርት ከትዝታ መሙላት። ሪፖርቱ በዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት የሚሰበሰብበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የሚገባው በሱ ቅጽ ነው፤ የናንተን ስሞች ከቅጹ መስመር ጋር አንድ ጊዜ አዛምዱና ከዚያ በኋላ ከፋይሉ ቁጠሩ።

በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ያዙ። በዚያ ወር «ሌላ» የተባሉትን መስመሮች አውጡና አንድ ላይ አንብቧቸው። አንድ ዓይነት አስተያየት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ለዝርዝሩ አዲስ ስም፣ አዲስ ተራ ቁጥር ስጡት፤ ወንበሩ አጠገብ የተለጠፈውንም ወረቀት በዚያው ቀን ቀይሩት።